የሰባተኛው መስቀል ጎዶሎ ክንድ

ከተማን ሰው ሠራት ይባላል፤ ይህን የሚል ግን፥ ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ከላይ እንጂ ከሥሩ አላየውም። ከተማ በኖራና በድንጋይ ከመቆሟ አስቀድሞ በፍልሰትና በናፍቆት ትመሠረታለች፤ ግንቧ ከመታየቱ በፊት ከየደጋውና ከየቆላው፥ ከየአድባሩና ከየወንዙ ዳር ቤቱን ዘግቶ የወጣ ሕዝብ፥ አልቅሶም የቀረ ቤተ ዘመድ አለ። በጥንተ ዘመን በሰናዖር ሜዳ ግንብ ያነፁት ሰዎች አስቀድመው ሠሩ፥ ኋላም ልሳናቸው ተደባልቆ ተበተኑ፤ የኛ ዘመን ሰዎች ግን የመዓቱ ሥርዓት ተገልብጦባቸው አስቀድመው ይበተናሉ፥ ኋላም ግንብ ለመሥራት ይሰበሰባሉ። የዓለም ገበያ እጁን በአራቱ ማዕዘን ዘርግቶ አንዱን ከሞፈሩ፥ አንዷን ከእናቷ ጉያ፥ አንዱንም ከመወርወሪያው ላይ ያነሣል፤ የሚያነሣበት ሰበብ ዘወትር እንጀራ ነው፥ የሚያስቀምጥበትም ስፍራ ዘወትር የሌላ ሰው ርስት ነው። ይህን ሁሉ የምለው ፍልስፍና አምሮኝ አይደለም። የአንድ ሸማኔ ነገር በሆዴ አለ፥ ሳልናገረው ብቀርም ሆዴ አይችለውም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ፤ ከአባቱ እንጀምር።

አባቱ ጋልጮ ከጋሞ ደጋ የወጣው ገና ጢሙ ሳያቆጠቁጥ ነበር። የአባቱ ማሳ ለስድስት ወንድማማች አልበቃ ቢል ስንቁን ቋጥሮ፥ ወንዝ ተሻግሮ፥ ዳገት ወጥቶ፥ ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ከእንጦጦ ግርጌ የሀገሩ ልጆች ከሰፈሩበት መንደር ደረሰ፤ እንደ ደረሰም ቤት ከመቀለሱ በፊት ጉድጓድ ቆፈረ። ይህ እንግዳ አይሁንብህ። የዱሮ ሸማኔ ማለት በመሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት እግሮቹን እስከ ጉልበቱ በጉድጓድ የሚያኖር፥ ከታች በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ ከላይ በእጁ መወርወሪያውን የሚያመላልስ፥ ከወገቡ በታች ለመቃብር ከወገቡ በላይ ለዓለም የተሰጠ ሰው ነው። ጋልጮ በነጩ ሸማ ጠርዝ ላይ ይጥለው የነበረው ጥለት ጥቃቅን መስቀሎች በተርታ የቆሙበት ነበር። አንድ ቀን ስድስቱን ጨርሶ ሰባተኛውን ሲጀምር፥ ከሀገር የመጣ መንገደኛ በደጁ ቆሞ እናቱ እንደ ሞተች፥ አርባዋም እንዳለፈ ነገረው። ሬሳዋን ሳያይ፥ አፈር ሳያለብሳት፥ በተቀበረችበት ዕለት እርሱ ምን ይሠራ፥ በምንስ ይስቅ እንደ ነበር ሳያውቅ ቀረ፤ እጁም ራደና የሰባተኛው መስቀል ቀኝ ክንድ ሳይሠራ አለፈ። ሌላ ሸማኔ ቢሆን ፈትቶ ያርመው ነበር። ጋልጮ ግን አላረመውም፤ ከዚያች ዕለት ጀምሮ በሠራው ጥበብ ሁሉ ስድስቱን ምሉእ፥ ሰባተኛውን ቀኝ ክንደ ጎዶሎ ያደርገው ጀመር፤ ገዢ ሁሉ ልብ አይለውም፥ ልብ ያለውም የእጅ ስሕተት ይመስለው ነበር። ለእናቱ ለቅሶ ያልተቀመጠ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ በሸማ ላይ ለቅሶ ተቀመጠ። ይህንንም ምሥጢር ለአንድ ልጁ ለአንጁሎ ብቻ ነገረው።

አንጁሎ በአባቱ ጉድጓድ እግሩን ሰዶ አርባ ዓመት ሠራ። ሚስቱ ወይዘሮ ሺበሬ ፈታይ ነበረች፤ የእንዝርቷን ሥራ ያዩ ባልቴቶች «እቺ ሴት ጥጥ ሳይሆን ጉም ነው የምትፈትለው» ይሏት ነበር። የወለዱት አንዲት ሴት ልጅ ናት፥ ታደለች ትባላለች፤ እርሷም ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ብታጣ ከመንደሯ ልጆች ጋር ወደ ዐረብ ሀገር ተሻገረች፥ የሰው ልጅ እያጠበች የሰው ወለል እየወለወለች ስድስት ዓመት ኖረች። እናቲቱም መመንመን ያዘች። ሐኪሙ የመሰለውን ስም አወጣለት፤ እኔ ግን ናፍቆት ነው እላለሁ፥ ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም። ሺበሬ አልጋ ላይ ወድቃ እንኳ እንዝርቷን አልጣለችም፤ ለልጇ ሠርግ የሚሆን ፈትል ከዱሮው ሁሉ አቅጥና ፈትላ ባለ ክዳን ሙዳይ ውስጥ አኖረችና ባሏን ወደ ራስጌዋ ጠራች። «ይህን በአባትህ ጥለት ለልጄ ሥራላት» አለችው። «ሠርጓ ላይ እኔ አልኖርም፤ እሷ ግን ለብሳኝ ትቆማለች። የሰባተኛውን መስቀል ነገርም ያን ቀን ንገራት፤ ያለ እናት መዳር ምን እንደሆነ ያን ቀን ይገባታል።» አንጁሎ በአባቱ አጥንት ማለላት። ከሦስት ቀን በኋላም ቀበራት።

ዓለም ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ከባሕር ማዶ፥ አንድ ሰው እንኳ ጥበብ ለብሶ ከማያውቅበት ሀገር፥ የሀበሻ ልብስ የመሰለ ጨርቅ በመርከብ ሆድ እየተጫነ ይጎርፍ ጀመር፤ ጥለቱ በእጅ ያልተሠራ፥ እንደ ጋዜጣ የታተመ ነው፤ ሸማኔ ወር የሚለፋበትን ማሽን ምሳ ሳይደርስ ይተፋዋል። የአንጁሎ ጎረቤቶች አንዱ ዘበኛ፥ አንዱ የቀን ሠራተኛ፥ አንዱም ሎተሪ አዟሪ ሆኑ። በዚያ ወራት ነው ሣህሉ የሚሉት ጨርቅ ነጋዴ፥ ከአፉ ማር የሚንጠባጠብ ሰውዬ፥ ወደ አንጁሎ ደጅ የመጣው። «ጋሽ አንጁሎ፥ የእርስዎን የመሰለ እጅ በዚህ ከተማ የለም። ለውጭ ሰዎች የማሳየው አንድ ናሙና ይስጡኝ፤ እጅዎን ዓለም ይየው» አለ። አንጁሎ ሞኝ አልነበረም፤ ነገር ግን ሙያውን የሚያመሰግንለት ሰው ካጣ ሰንብቶ ነበርና፥ ሺበሬ ፈትላ እርሱ የሠራውን፥ ካለው ሁሉ የበለጠውን ነጠላ ከሣጥን አውጥቶ በነፃ ሰጠው። ሳምንቱን ሙሉም ለመንደሩ ሰው «የአባቴ ጥለት ባሕር ሊሻገር ነው» እያለ ደረቱን ነፋ። አይ አንጁሎ! ባሕር የተሻገረ ሁሉ በሄደበት መልኩ የሚመለስ መስሎት። ሣህሉም ከዚያ ወዲህ ዓይኑ አልታየም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ማለዳ የመንደሩ በሮች ሁሉ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸው ታዩ። በስፍራው መስታወት የለበሰ ሕንፃ ሊቆምበት፥ ከየዓለሙ ዳርቻ የሚመጡ ነጋዴዎች በአሳንሰር ሊወጡበትና ሊወርዱበት ተወስኗል ተባለ፤ ለነዋሪው ደግሞ በከተማይቱ ጠረፍ፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስንዴ ይታጨድበት በነበረ ሜዳ ላይ ከተደረደሩት ኮንዶሚኒየሞች ቤት በዕጣ ተሰጠው። ለአንጁሎ የወጣለት አራተኛ ፎቅ ነው። ታደለች በስልክ ሰምታ እልል አለች፤ «አባዬ፥ ከጭቃ ቤት ወጣህልኝ!» ብላ የስድስት ዓመት ላቧን ለዚያ ቤት አፈሰሰችው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚሉት ተረት በሽማግሌው ላይ ደረሰ፤ ቤት ተሰጠው፥ ነገር ግን መሬት የሌለው ቤት በሰማይ ተሰጠው። በሚለቁበት ቀን አልጋው ተጫነ፥ ሣጥኑ ተጫነ፥ የሸማ መሥሪያው እንጨት ሁሉ ተፈታትቶ ተጫነ፤ ጉድጓድ ግን አይጫንም። አንጁሎ በጉድጓዱ አፋፍ ተንበርክኮ የአባቱና የእርሱ ጭን ያለሰለሰውን ጠርዝ በመዳፉ ደባበሰ፤ ከዚያም የሺበሬን ሙዳይ አቅፎ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ።

ወዲያው በዚያው ወር ታደለች ደወለች። በስደት ያወቀችውን አንድ የሀገሯን ልጅ፥ ሹፌር ነው፥ ልታገባ ነው፤ ለሁለቱም የአንድ ወር ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል፥ ሠርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ በሀገር ቤት ይሆናል። ሦስት ወር አይሞላም። ወጣቶቹ ሸማኔዎች በብረት እግር ላይ የሚቆም፥ ጉድጓድ የማይሻ ሸማ መሥሪያ ያበጁ ነበርና አንጁሎ ከአንዱ ተውሶ ሞከረው፤ ዳሩ ምን ያደርጋል፥ አርባ ዓመት ወደ መሬት ሲረግጥ የኖረ እግር አየር ላይ ሲንጠለጠል እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፤ ድሩ አንዴ ይላላል፥ አንዴ ይከራል፥ ኋላም ይበጠሳል። ከሺበሬ ፈትል ሦስት ክር በተበጠሰ ጊዜ እሳት እንደ ነካው ሰው እጁን ሰበሰበ። ለዚያ ፈትል ምትክ የለውማ፤ ፈታይዋ ከመሬት በታች ናት። እንግዲህ ቀጥሎ ያደረገውን ስትሰማ አትሳቅበት፤ ብትስቅም አልፈርድብህም። በማግስቱ መሮና መዶሻ ይዞ መጣና በአራተኛ ፎቅ ወለል ላይ ተንበርክኮ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ከወለሉ ሥር የሰው ቤት እንዳለ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ያውቃል። ነገር ግን ሸማኔ አዲስ ቤት ሲገባ የሚያደርገው ይህን ነው፥ አባቱም ያደረገው ይህን ነው፤ የጨነቀውም ሰው ከለመደው ሥራ በቀር ሌላ አይታየውም። ሁለት ቀን ሙሉ ቆፍሮ አንድ ስንዝር ያህል ወረደ። በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ።

በበሩ የቆመው ከበታቹ ከሦስተኛ ፎቅ የሚኖር፥ ቁመቱ ረጅም፥ ትከሻው ላይ የጣሪያ ኖራ የተነሰነሰበት ሽማግሌ ነበር፤ ስሙ ኦቦ በዳሳ ይባላል። ያ ሠላሳ ሕንፃ የቆመበት ሜዳ የእርሱና የወንድሞቹ እርሻ ነበር። ካሳ የተባለው በእጃቸው ላይ ሟሙቶ አልቆ፥ ወንድሞቹ ሞተውና ተበትነው፥ እርሱ ብቻ በገዛ ማሳው ላይ፥ ከማሳው ግን ሦስት ፎቅ ርቆ ይኖራል። ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣና እንዲህ አለ፤ «ወንድሜ፥ ሰላም ለዚህ ቤት። ጣሪያዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሲረግፍብኝ ሰነበተ። ምን ጠፍቶብዎት ነው የሚቆፍሩት?»

«ምንም አልጠፋብኝም፥ ኦቦ። ሸማኔ ነኝ፤ እግሬ መሬት ካልገባ እጄ ሥራ አያውቅም። ልጄ ልትዳር ነው፥ እናቷ የፈተለችላትን ልሠራ ነው» አለ አንጁሎ መሮውን እንደ ያዘ፥ ያፈረ ሰው አቀርቅሮ እንደሚናገር።

ኦቦ በዳሳ ጉድጓዱን አየ፥ ሰውዬውን አየ፤ መጀመሪያ ሳቀ፥ ሳቁም አላቆም ብሎት በበሩ መቃን ተደገፈ፥ ኋላ ግን ያ ሳቅ ወደ እንባ ዞረበት። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «እኔ መሬቴን አጥቼ ከሥርዎ ተቀምጫለሁ፤ እርስዎ ደግሞ መሬት ፍለጋ የእኔን ጣሪያ ይቆፍራሉ! ይነሡ እባክዎ። ያ ሁሉ ከሄደ በኋላም አንድ ጉድጓድ የምትሆን መሬት አላጣልዎትም።» ከሕንፃው ጀርባ፥ ማሽን እንዴት እንደ ማራት ያልታወቀች፥ ዱሮ በሬዎቹን ያስርባት የነበረች አንዲት ግራር ነበረች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሥሯ ቆፈሩ፤ ጥቁሩ አፈር በወጣ ጊዜ ኦቦ በዳሳ አንድ እፍኝ ዘግኖ አሸተተና ኪሱ ውስጥ ከተተው። በጉድጓዱም ላይ የላስቲክ ዳስ ጣሉ። በማግስቱ አንጁሎ እግሩን ወደ መሬት ሰደደ፤ ጉልበቱ ድረስ ቅዝቃዜ በተሰማው ጊዜ «እፎይ!» ያለው ድምፅ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ ለሁለት ወር ያህል በዚያ ቤት በረከት የሚመስል ነገር ነበረ፤ የመሰለውን ሁሉ ነው ብዬ እንዳላታልልህ ግን አስቀድሜ እነግርሃለሁ። የሕንፃው ሰው፥ ከወሎ የመጣው፥ ከከፋ የመጣው፥ ጦርነት ከጎረቤት ሀገር ያሰደደው፥ አንዱ የሌላውን ደጅ አንኳኩቶ የማያውቀው ሁሉ፥ ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ ከግራሯ ሥር ቆሞ መወርወሪያው ሲመላለስ ያይ ጀመር። ኦቦ በዳሳ ግን ከጧት እስከ ማታ ከዚያ አይጠፋም፤ እንደ እረኛም እንደ ባለርስትም ሆኖ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ መስቀሎቹን ይቆጥራል። አንድ ቀንም፥ «ወንድሜ፥ ይቺኛዋ እጅ የላትም፤ ተሳሳቱ እንዴ?» ቢለው፥ አንጁሎ «ይተዉዋት፥ እርሷ እንዲያው ናት» ብሎ መወርወሪያውን ወረወረ። ለማንም ከመንገሩ በፊት ለልጁ ሊነግራት ነውና። በዚሁ ሰሞን በየደረጃው ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። በዳሳ ፊደል አይለይም። አንጁሎ ግን ዳዊት የደገመ ሰው ነበርና ቆሞ አነበበው፤ ከሕንፃው ጀርባ የተሽከርካሪ ማቆሚያ እንደሚሠራ ይናገራል። «ይህ መኪና ላላቸው ነው፤ እኔን አይመለከተኝም» አለና ወደ ሥራው ወረደ። አየህ፥ ያ ሰው ለእርሱ ያልተጻፈ ማስታወቂያ እርሱን ይነካዋል ብሎ የሚጠረጥር ልብ አልነበረውም።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታደለች የምትገባበት ቀን ደረሰ፤ ልብሱ ላይ የቀረው ሥራ ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ነበር። አንጁሎ ድሩን እንደ ተወጠረ በላስቲክ ሸፍኖ፥ «ኦቦ፥ አደራ» ብሎ፥ በማለዳ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደ። ሦስት አውቶቡስ ለወጠ። በመንገዱ ግራና ቀኝ በብረት የታጠሩ ጉድጓዶች፥ ከጉድጓዶቹም ውስጥ ባዶ እግራቸውን የቆሙ የገጠር ልጆች፥ ከላያቸውም አንገቱ ደመና የሚነካ ማንሻ አየ፤ ለሕንፃ የሚቆፈረውን ጉድጓድ ብዛት አይቶ «ለእኔ አንድ ጠፍቶ!» ብሎ ለራሱ ሳቀ። ከማረፊያውም ደጅ በደረሰ ጊዜ በአንዱ በር አንዲት ታደለች ስትወጣ በሌላው በር መቶ ታደለቾች፥ አንድ ዓይነት ሻሽ አስረው፥ አንድ ዓይነት ወረቀት ደረታቸው ላይ ይዘው፥ ተሰልፈው ሲገቡ አየ። ልጁ አቅፋው አለቀሰች፤ ትከሻዋ ሰፍቶ፥ እጇ ሻክሮ፥ ፊቷ የእናቷን መልክ ይዞ መጥቷል። ሻንጣዎቿን ሊሸከም ቢል «ተው አባዬ፥ እኔ ሸክም ለምጃለሁ» አለችው።

ወደ ቤት ሲደርሱ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር፤ ከዓይን ይልቅ አፍንጫ ቀድሞ ተረዳ፥ የትኩስ ሬንጅ ሽታ ሰፈሩን ሞልቶታል። ከሕንፃው ጀርባ ግራሯ የለችም፥ ዳሱ የለም፥ ጉድጓዱ የለም፤ ጥቁርና ለስላሳ መሬት ብቻ ይጤሳል፥ በላዩም አንድ ክብ ብረት ያለው መኪና ይመላለሳል። ኦቦ በዳሳ በደረጃው ሥር ጋቢውን አውልቆ፥ በጋቢውም አንድ ነገር ጠቅልሎ አቅፎ ተቀምጦ ነበር። አንጁሎን ሲያይ ተነሣና፥ እንደ ልጅ እየተጣደፈ እንዲህ አለ፤ «ወንድሜ፥ ቁሙ ብዬ ጮኽኩ፥ ማን ይስማኝ! ማሽኑ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ሮጬ ማጭዴን አመጣሁ። ሁሉንም አጨድኩልዎት፤ አንድ ክር አላስቀረሁም።» አንጁሎ ጋቢውን ገለጠ። ገበሬው በሚያውቀው አስተራረፍ አትርፎት ነበር፤ የተሠራውን ከመካከሉ፥ ያልተሠራውን ድር ከሥሩ፥ እንደ ስንዴ በእፍኝ በእፍኝ እየያዘ አጭዶ፥ በየነዶው አስሮ፥ በንጽሕና ደርድሮታል። ድር ከተቆረጠ የማይቀጠል መሆኑን፥ ሸማም እንደ እህል ታጭዶ የማይሰበሰብ መሆኑን ማን ነግሮት ያውቃል? የሽማግሌው ፊት ግን ያበራ ነበር፤ በሕይወቱ ያ ሁሉ ነገር ሲወሰድበት ያዳነው አንድ ነገር ይህ ነበርና። «እግዜር ይስጥልኝ፥ ኦቦ» አለ አንጁሎ፤ «አተረፉልኝ።» ታደለች ምን እንደሆነ ብትጠይቀውም «የቆየ ክር ነው» ብሏት ጥቅልሉን ከክንዱ ሥር አደረገ።

ታደለች ቤቱን ዞራ አየች፥ መስኮቱን ከፈተች፥ በወለሉ መካከል ያለውን ስንዝር ጉድጓድ አይታ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ሥራቸው እንዲህ ነው እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ከዚያም «አባዬ፥ ዓይንህን ጨፍን» አለችው። ሲገልጥ በአልጋው ላይ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ተዘርግቷል። «እዚያ በገበያ መካከል ከአንድ ባዕድ ሱቅ ተሰቅሎ አየሁት» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ። «የእጅህን ሥራ መሰለኝና ከሱቁ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ዓይንህ ደክሟል፥ እናቴም የለች፥ በእርጅናህ አትለፋብኝ ብዬ ገዛሁት። ለስድስቱ ሚዜዎቼም ከዚሁ ገዝቻለሁ። ትወደዋለህ?» አንጁሎ ተጠግቶ ጠርዙን በጣቶቹ ዳሰሰ፤ ክር አልነበረበትም፥ ቀለም ነው። ከልማዱ የተነሣ መቁጠር ጀመረ፦ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት፥ አምስት፥ ስድስት፤ ሰባተኛው ቀኝ ክንድ የለውም። ደግሞ ስድስት ቆጠረ፤ ሰባተኛው ቀኝ ክንድ የለውም። እስከ ጫፉ ሄደ። ማሽን ኀዘን አያውቅምና አንድም ቦታ አልተሳሳተም፤ የአያትየዋን ሞት፥ የአባቱን የራደ እጅ፥ ለናሙና የተሰጠውን ያን ነጠላ፥ ሁሉን እንደ ነበረ አንድ ሺህ ጊዜ አትሞታል።

ጮኾ ሊያለቅስ ዳዳው። ሊነግራትም አፉን ከፈተ፤ ለሺበሬ ከማለላት ጀምሮ የጠበቀው ቀን ይህ ነበርና። ነገር ግን ምን ብሎ ይንገራት? የሰባተኛውን መስቀል ነገር ቢነግራት በባዕድ ሀገር ያለቀሰችበት ቀሚስ ከገዛ ቤቷ የተሰረቀ መሆኑን ሊነግራት ነው፤ ይህን ቢነግራት የእናቷን ፈትል ነገር ሊነግራት ነው፤ ያን ቢነግራት ደግሞ ያ ደግ ገበሬ ምን እንዳደረገ ሊነግራት ነው። ሁሉም በፍቅር ያደረጉት ነገር ሆኖ የሚወቀስ ሰው ጠፋበት። ጠርዙን ከጣቶቹ ለቀቀና «ያምርብሻል፥ ልጄ» አላት። እርሷም ተንጠልጥላ አንገቱን ሳመችው።

ሠርጉ በአንድ አዳራሽ ሆነ። በዚያው ቀን በአጠገቡ ባሉት ሁለት አዳራሾችም ሠርግ ነበረ፥ በመተላለፊያውም ሙሽሮችና ሚዜዎች ሲጋፉ ያ ጥለት በየቀሚሱ ጠርዝ ይታይ ነበር፤ ስሟን የማያውቅ ሕዝብ ሁሉ የአንዲት የጋሞ ደጋ ሴትን ሞት በልብሱ ጠርዝ አድርጎ እያጨበጨበ ይጨፍራል። ስድስቱ ሚዜዎች በተርታ ቆሙ፥ ሙሽራይቱ ሰባተኛ ሆና ቆመች፤ በቀኟ እናት የምትቆምበት ስፍራ ባዶ ነበር። ኦቦ በዳሳ ከአንጁሎ አጠገብ አዲስ ባርኔጣ አድርጎ ተቀምጦ ነበርና ዓይኑን አጥብቦ ሲቆጥር ቆይቶ ደስ ብሎት ክርኑን ያዘው። «ያቺ እጅ የሌላት አለች! እንዴ፥ እኔ ሳላይ ጨረሱት ማለት ነው?»

«አይ ኦቦ» አለ አንጁሎ ከልጁ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፤ «እርሱ ነው እኔን የጨረሰኝ።» ሙዚቃው ጮኾ ነበርና ሽማግሌው አልሰማውም፤ የሰማ መስሎ ራሱን ነቀነቀ፥ አጨበጨበም።

ፈቃዷ ሲያልቅ ታደለች ከባሏ ጋር ተመልሳ ሄደች፤ ቀሚሱንም በዚያ ባዕድ ገበያ በገፍ ስለሚገኝ በእናቷ ወንድም ቤት ለምትኖር ልጅ ትታው ሄደች። አንጁሎ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብቻውን ተመለሰ፥ ሦስት አውቶቡስ ለወጠ፥ አራት ፎቅ ወጣ። የታጨደውን ፈትል ከነነዶው ከሙዳዩ አውጥቶ በወለሉ መካከል ባለው ስንዝር ጉድጓድ ውስጥ አኖረው፤ አንድ እፍኝ አፈርም ከኦቦ በዳሳ ኪስ ለምኖ አምጥቶ ነበርና በላዩ በተነበት፥ ሲሚንቶም በጥብጦ ደፈነው። ከበታቹ ሽማግሌው የጣሪያውን መጠገን አይቶ «እግዜር ይስጥልኝ!» ብሎ ወደ ላይ ጮኸ። አንጁሎም በደፈነው ስፍራ ላይ እግሮቹን አጥፎ ተቀመጠ፤ ጎረቤቶቹ ወደ ቤቱ በገቡ ቁጥር እዚያው ተቀምጦ ያገኙታል። ሀገሩን ለቆ የሚሰደድ ሰው ኀዘኑን ይዞ ይሄዳል፥ ኀዘኑም ባለበት ሁሉ ሀገር ይሆነዋል፤ ኀዘኑ ራሱ ባለቤቱን ጥሎ ለዓለም ሁሉ በተሰደደ ጊዜ ግን፥ ያ ሰው የሚመለስበት ሀገር ለዘላለሙ የለውም።